የሲጋራ ቁራጭ ያስጠረገኝ መንገድ

ሚዛን ከተማ ውስጥ ስለ ሲጋራ ቁራጭ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ። መሬት ላይ የወደቀውን አይቼ ማን እንደጣለው እነግራችኋለሁ። ፊልተሩ በጥርስ የተበላ ከሆነ የሹፌር ነው፤ ከቴፒ እስኪመጣ ጭቃው መኪናውን እያንሸራተተበት ጥርሱን ነክሶ የነዳ። ጣት እስኪያቃጥል ተምጎ ምንም ያልቀረው የጫኝና አውራጅ ነው። ገና ግማሽ ሳይደርስ የተጣለው ደግሞ ሚስቱን ወይ ፓስተሩን ድንገት ያየ ሰው ነው። ይሄን ማንም አላስተማረኝም። ከትምህርት ቤትማ አምስተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ እኔ አልተመለስኩም፣ እሱም አልጠራኝም።

ሥራውን ያገኘሁት በድምፄ ነው። ያኔ መናኸሪያው በር ላይ ተሳፋሪ እጠራ ነበር። ባዶ መኪና ፊት ቆሜ «ቴፒ፣ ቴፒ፣ አንድ ሰው የቀረው» ስል ሰው አምኖኝ ሮጦ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ብቻውን መሆኑን ሲያይ እኔ ሌላ መኪና ጋ ነኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ደንብ የሚያስከብሩ ወጣቶች ይፈልግ ስለነበር አንድ የማዘጋጃ ሰው ቆሞ ሰማኝና ይሄ ልጅ ፊሽካም አያስፈልገው ብሎ መዘገበኝ። ፊሽካውን ግን ሰጡኝ። የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያና አንድ ጥራዝ የቅጣት ወረቀትም ጨመሩልኝ። ሰደርያውን ለብሼ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሥራ ሳይሆን የማውቃቸው ልጃገረዶች ወደሚቀመጡበት ሻይ ቤት ነው። ያማረብኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ባጃጅ ትመስላለህ አሉኝ። ቅናት ነው።

የደረሰኝ መንገድ ከመናኸሪያው በር ተነስቶ በሻይ ቤቶቹና በሱቆቹ በኩል ቁልቁል እስከ ቡናው መጋዘን የሚወርደው ኮብልስቶን ነው። ከተማው ውስጥ ሲጋራ የሚጨስበት መንገድ ቢባል እሱ ነው። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ነጋዴው፣ ጫኙ፣ መኪና ጠብቆ የሰለቸው፣ ሁሉም እዚያ ያጨሳል፣ ሁሉም እዚያ ይጥላል። አዲሱ ደንብ ደግሞ ቁራጭ መንገድ ላይ የጣለ ይቀጣል የሚል ነበር።

መንገዱን የሚጠርጉት አንዲት ማዘር ናቸው። ቤታቸው ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ እጀታው ከቁመታቸው የሚረዝም መጥረጊያ ይዘው ይጀምራሉ። ወረቀቱም፣ የሙዝ ልጣጩም፣ ተመጥጦ የተተፋው አገዳም ለመጥረጊያው እሺ ይላል። ሲጋራ ግን እምቢ ነው። ድንጋይና ድንጋይ መሃል ይሸጎጥና መጥረጊያው በላዩ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ማዘር ከተሰበረ ጃንጥላ የነቀሏትን ሽቦ ከቀሚሳቸው ኪስ ያወጡና ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ይጎለጉሉታል። ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጎንበስ ሲሉ ዝም ነው፤ ቀና ሲሉ ግን «እሰይ» ይላሉ፣ አንድ ሥራ የጨረሱ ይመስል።

መጀመሪያ በወረቀቱ ሞከርኩ። አንድ ረዳት ሲጥል ያዝኩት፣ ፊሽካ ነፋሁበት፣ ጥራዙን አወጣሁ። ስሙን ጠየቅኩትና መጻፍ ጀመርኩ። እኔ ስጽፍ በጥንቃቄ ነው፤ ፊደል አላበላሽም። «የተላለፈው ደንብ» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ቀና ብል ሰውዬው ሁለተኛ ሲጋራ ለኩሶ፣ ጨርሶ፣ እሱንም እየጣለ ነው። ሁለተኛ ወረቀት ልጀምርለት ስል መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እየሄደ አጎቴን ሰላም በልልኝ አለኝ። አጎቱን አላውቀውም። ሌላውን ስይዘው ደግሞ ስልክ አውጥቶ ዘመዱን ጠራ፤ ዘመዱ የእኔም ዘመድ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የቀጣሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከማሻ የመጣ እንግዳ ስለነበር የሚደውልለት አላገኘም።

እዚህ ላይ ነው አፌ ያጠፋው። ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን ደንብ አስከባሪዎቹን ሁላችንንም በየተራ ጠየቀ። የላይኛው ሰፈር ልጅ ሕዝቡ አስቸገረኝ አለ። ሌላውም እንደዚያው። እኔ ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ሲያማርር ዝም ብሎ መቀመጥ አልችልም፣ ተፈጥሮዬ ነው። የእኔ መንገድ ላይ ችግር የሚባል ነገር እንደሌለ፣ እኔን ሲያዩ ሲጋራው ራሱ እንደሚጠፋ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ከመናኸሪያ እስከ መጋዘን ቢሄዱ አንዲት ቁራጭ እንደማያገኙ ተናገርኩ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ለሳቅ ነበር ያልኩት። ኃላፊው ግን ጻፈው። ሰው ሲጽፍ ደስ አይለኝም።

«ጥሩ ነው፤ አርብ ሁለት ሰዓት ላይ ራሴ እመጣለሁ» አለ። «አንተ ሥራህን ከሠራህ፣ ቁራጭ ከተገኘ ጥፋቱ የጠራጊዋ ነው ማለት ነው። እሳቸውን ወደ ከብት ተራ እናዛውርና መንገዱን ጉልበት ላለው እንሰጣለን።»

ከብት ተራ የት እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ኮብልስቶን የሚባል ነገር የለውም፤ ጭቃና እበት ነው፣ ደህና እግር ያለውንም ያዳልጣል። እንዲህ አላልኩም ልል ፈልጌ ነበር። ግን እኮ ብያለሁ፤ ተጽፏል።

ማዘር ወሬውን ከእኔ በፊት ከሻይ ቤት ሰሙት። ማክሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ሳገኛቸው ይጮሁብኛል ብዬ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አልጮሁም። ሽቦዋን ድንጋዩ መሃል እንደሰኩ ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ አንተ በአፍህ ትሮጣለህ፣ ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ» አሉኝ። ያዘጋጀሁት ቀልድ ጠፋኝ። እስከዛሬም አላስታውሰውም፣ ጥሩ ቀልድ ነበር።

ያን ዕለት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰው የሚጥለው የሚጥልበት ስለሌለው ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ይሄንንም ከእኔ በፊት ያሰበ የለም። ከምግብ ቤቶቹ ባዶ የቲማቲምና የዱቄት ወተት ጣሳ ለመንኩ፤ አስራ ሁለት አገኘሁ። ሻይ ቤቱ ጋ በሳሙና አጥቤ፣ እንደ መስታወት አድርጌ፣ በሽቦ በየምሰሶው ላይ አሰርኩ። ማታ ላይ ዞሬ ሳየው መንገዱ ሰርግ የሚደገስበት ይመስል ነበር። ማዘርን ጠርቼ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ጣሳው ጥሩ ጣሳ ነው አሉ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ያኔ አልገባኝም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት ስመጣ አንድም ጣሳ የለም። ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል።

ፊሽካዬን ይዤ ገበያ ወረድኩ። ጣሳዎቼ ሥራ ይዘው አገኘኋቸው። በአንዱ በቆሎ ይሰፈርበታል፣ በአንዱ ጨው፣ በአንዱ ባቄላ። እዚህ አገር እህል በጣሳ እየተሰፈረ እንደሚሸጥ እኔ የማላውቅ ይመስል፣ የታጠበ ጣሳ መንገድ ላይ ሰቅዬ አድሬያለሁ። ገበያው ጥግ ላይ ደግሞ ሰው ተሰብስቧል። ከሸዋ ቤንች ደረቅ ቡና ይዛ የመጣች ሴትዮ በእኔ ጣሳ እየሰፈረች ነበር፤ ገዢው አንድ እፍኝ ዘግኖ አፍንጫው ጋ አስጠጋና ይሄ ቡና ማጨስ የጀመረው መቼ ነው ብሎ ጠየቃት። ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ነገሩ ገባኝ፤ ከከተማው ሕዝብ ሁሉ አንድ ሰው ሌሊቱን ትእዛዜን አክብሮ ቁራጩን ጣሳው ውስጥ ጥሏል። እሱ አንድ ታዛዥ ነው የእሷን ቡና ያበላሸው።

ገብቼ ጥፋቱ የጣሳው እንደሆነ፣ ጣሳውም የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራስ አየችኝ።

«ጣሳ አጥበህ መንገድ ላይ ስትሰቅል ሰው ምን ይለዋል?» አለችኝ። «ጌታ ሰጠኝ ነዋ የሚለው።»

የሸተተው በዚያ ጣሳ የተሰፈረው ብቻ ስለነበር እሱን ለይተን አስቀመጥነው፤ የቀረውን ጆንያ ከፍቼ ገዢዎቹን አስሸተትኳቸው። ከዚያ በመናኸሪያው ድምፄ «ቡና፣ ቡና፣ አንድ ጣሳ የቀረው» እያልኩ ጮህኩላት። ጆንያው አፉ ድረስ ሙሉ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ሳይሆን አለቀ። ስትሄድ እጄ ላይ ሙዝ አስቀመጠችልኝ። ልጣጩን የት እንደጣልኩት አትጠይቁኝ።

ጣሳዎቹን ሰብስቤ መልሼ ከመስቀሌ በፊት እያንዳንዱን ቂጡን በሚስማር በሳሳሁት። በተበሳ ጣሳ እህል አይሰፈርም፣ ስለዚህ ማንም አይወስደውም። በዚያ ላይ ሚዛን ዝናቡ አያቆምም፤ ውሃው በቀዳዳው ይፈሳል፣ ቁራጩ ይቀራል። ለኃላፊው ቀዳዳውን የሠራሁት ለዝናቡ አስቤ ነው ብዬ ነገርኩት። ይሄንንም ጻፈው።

የሻይ ቤቱ ደንበኞችና ሹፌሮቹ ቀስ በቀስ ለመዱ። የቀሩት ጫኝና አውራጆቹ ነበሩ። መጋዘኑ በር ላይ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ያጨሳሉ፣ መኪና ሲመጣ ባሉበት ይጥሉና ይነሳሉ። ፊሽካ ብነፋ አብረው ያፏጫሉ። አለቃቸው ትከሻው በር የሚያክል፣ ድምፁ ግን ቀጭን የሆነ ሰው ነው። እሱ ጋ ሄጄ የገበያውን ታሪክ ነገርኩት። ሲስቅ ቆየና መጨረሻ ላይ ዞሮ ጆንያዎቹን አየ። ቡና ሽታ እንደሚስብ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የጆንያ አፍ ሲሰፋ አንድ ቁራጭ ቢገባ፣ ናሙና የሚወስደው ሰው ብረቱን ወግቶ ሲያወጣው ቁራጩ አብሮ ቢወጣ፣ ቡናው ይመለሳል፤ የቡናው ባለቤት ደግሞ ሁለተኛ እነሱን አይጠራም። ስለ ማዘር ጉልበትና ስለ አርቡም ነገርኩት። አፌን እንዴት እንደከፈትኩ ሳልደብቅ፣ ትንሽ ብቻ አሳምሬ።

እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ሕግ አላቸው። ጆንያ የጣለ፣ ተራ የዘለለ፣ ሰክሮ የመጣ፣ ማዘጋጃ ቤት አይሄድም፤ እዚያው ተፈርዶበት እዚያው ይቀጣል። አለቃቸው አጨብጭቦ ሰበሰባቸውና ፈረደ። ከዛሬ ጀምሮ ቁራጭ መሬት ላይ የጣለ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከመጋዘኑ በር እስከ ሻይ ቤቱ ማዘርን ተክቶ ይጠርጋል፤ ሌላው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ያያል። ሁሉም እሺ አለ። እኔም በጣም ደስ አለኝ። ከደስታዬ የተነሳ ሲጋራ ለኮስኩ። ያኔ አጨስ ነበር፣ አልነገርኳችሁም እንዴ? እያወራሁ፣ እየሳቅኩ ጨረስኩትና በሁለት ጣቴ አስፈንጥሬ ጣልኩት።

ሃያ የሚሆን ሰው ቁራጯን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል።

«መጥረጊያ አምጡለት» አለ አለቃው በቀጭን ድምፁ።

ለማምለጥ አልሞከርኩም ብል ዋሸሁ። ሰደርያዬን አሳየሁ፣ የመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ አልኩ፣ ወገቤን ነካሁ። አንዱ ፊሽካዬን ከአንገቴ አውልቆ እሱ ይነፋ ጀመር። ጫጫታውን ሰምተው ከመጋዘኑ ጀርባ የመጡት ማዘር መጥረጊያቸውን ሰጡኝና ከእነሱ ጋር ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ጠረግኩ። ከጠራጊ ሁሉ እኔ እበልጣለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ሦስተኛው ሱቅ ጋ ስደርስ ወገቤ የእኔ አልነበረም። ወረቀቱ ሄደልኝ፣ አቧራው ሄደልኝ፣ ቁራጩ ግን ድንጋዩ መሃል ሆኖ ያየኛል። ዞር ብዬ ሳይ ማዘር የጃንጥላ ሽቦዋን ከፍ አድርገው ይዘውልኛል። ተመልሼ ተቀበልኳቸው። አንድ በአንድ ጎለጎልኩ፤ ስንት እንደነበር አልቆጠርኩም፤ ሻይ ቤቱ ጋ ደርሼ ቀና ስል ግን ሳላስበው «እሰይ» አልኩ። ልጃገረዶቹ በር ላይ ቆመው ነበር። ዛሬስ ምን እመስላለሁ ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ ወዲያ መጥረጊያ አልይዝም የሚል ጠፋ። ደንብ አስከባሪው ራሱ ጠርጓላ። በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት ጫኞችና አንድ የቡና ነጋዴ ጠረጉ፤ ነጋዴው ጫማው ውድ ስለነበር ተመልካቹ ከሁሉም በዛለት። ከቱም የመጣ አንድ ሹፌር ደግሞ ቁራጩን ለመጣል እጁን አንስቶ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጡትን አይቶ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው፤ ኪሱ ጨሰ።

ሐሙስ ማታ መንገዱን ዞሬ አየሁት። አንዲት ቁራጭ የለችም። ማዘርም አዩት፣ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አውርደው ፈገግ አሉ። ጥርሳቸውን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሌሊቱን ዘነበ። የሚዛን ዝናብ። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ የላይኛው ቦይ ሞልቶ፣ የላይኛውን ሰፈር ቆሻሻ ሁሉ ተሸክሞ፣ እኛ መንገድ ላይ ደፍቶት ሄዷል። ፕላስቲኩ፣ ቅጠሉ፣ ጭቃው፣ በየድንጋዩ መሃል ደግሞ ቁራጭ፣ ቁራጭ፣ ቁራጭ። ማዘር አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጀምረው ገና ሩቡን አልጨረሱም። ወደ ላይ ወደ ዳገቱ ሲያዩ ያዝኳቸው።

ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ጫኞቹ ከቴፒ የመጣ መኪና ላይ ነበሩ፤ ግማሹን ጆንያ አውርደዋል። ለአለቃቸው ነገርኩት። ሁለት ሰዓት ሊሆን ስንት ቀረው ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይሰማ አጨበጨበ። ሃያ ሰው ከመኪናው ወርዶ ወጣ። አካፋ ያገኘ በአካፋ፣ ያላገኘ በእጁ፣ ሽቦ ያጣ በእንጨት። ሹፌሩ ጭነቴ ቆመ ብሎ ሲጮህ አንዱ የጆንያ መስፊያ ወስፌውን አቀበለው፤ እሱም ጎንበስ አለ። ማዘር መሃላቸው ቆመው እዚህ፣ እዚያ እያሉ ያዝዙ ነበር። እንደዚያ ሲያዝዙ ያየ ከንቲባ ናቸው ይላል።

ኃላፊው ሁለት ሰዓት ላይ በቦት ጫማና በጃንጥላ መጣ። ከመናኸሪያው ጀመረ። ድንጋይ ድንጋዩን እያየ ይሄዳል፣ እኛም ከኋላው። ሻይ ቤቱን አለፈ። ሱቆቹን አለፈ። መጋዘኑ በር ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ በእስክሪብቶው ጫፍ ከድንጋይ መሃል አንዲት ቁራጭ አወጣ።

ጫኞቹ ተያዩ። ማዘር ነጠላቸውን መልሰው አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ቁራጯን አየኋት። ውሃ የጠጣች፣ የተጠፈጠፈች፣ ሌሊቱን በቦይ ተጉዛ የመጣች ነበረች። የላይኛው ሰፈር እንደሆነች ልናገር፣ ፊልተሩን ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እንደገና ከፈትኩት፣ ሌላ ነገር ወጣ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «አንዲት አይገኝም ያልኩት እኔ ነኝ። ማዘር አንድም ቃል አልተናገሩም። ከብት ተራ የሚወጣ ካለ የተናገረው ይውጣ።»

ኃላፊው እኔን አየ፤ ከዚያ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው የነካቸውን ጫኞች አየ፣ ወስፌ የያዘውን ሹፌር አየ፣ ግማሽ ጭነቱን ይዞ የቆመውን መኪና አየ። ማዘርን ስንት ዓመት እዚህ መንገድ ላይ እንደሠሩ ጠየቃቸው። ነገሩት። ደብተሩን አወጣና ጻፈ። የጻፈውን እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት፤ ማዘር ባሉበት ይቆያሉ፣ እኔ ከሰኞ ጀምሮ ከብት ተራ ነኝ። ጫኞቹ አጨበጨቡ፤ ለእሳቸው ይሁን ለእኔ መሄድ አላጣራሁም።

ሰኞ ጠዋት ዳገቱን ስወጣ መንገዴ በእሳቸው በኩል ነበር። በራሴ ፈቃድ እድገት አግኝቼ ነው የምሄደው ብዬ ለሻይ ቤቱ ሁሉ አውርቼ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ ነው የመጣሁት። ማዘር መጥረጊያቸውን ምሰሶ ላይ አስደግፈው ጫማዬን አዩ። ነጭ ሸራ ጫማ ነበር፣ አዲስ። ቤታቸው ገብተው የሟች ባላቸውን ቦት ጫማ ይዘው ወጡ። ሰፋኝ። ጨርቅ ጠቅጥቀው አስተካከሉልኝና፣ በል ሂድ፣ ላሞቹ ፊሽካ አይሰሙም፣ ዱላ ያዝ አሉኝ።